መዝገቡን ማን ይክፈት? የይለፍ ቃል አጠባበቅና የስክሪን መቆለፊያ ታሪክ

በመሥሪያ ቤቱ በኮምፒዩተር የሚሠራ ሰው ለጥቂት ጊዜ ከወንበሩ ሲነሣ ሥራውን በሙሉ ዘግቶ ከመውጣት ይልቅ ስክሪኑን ቆልፎ መሄድን ይመርጣል። ሲመለስ የይለፍ ቃሉን ይጽፋል፤ ስክሪኑ ይከፈታል፤ ሥራውም ካቆመበት ይቀጥላል። ነገሩ ከላይ ሲታይ እጅግ ቀላል ነው። የመቆለፊያው ፕሮግራም የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ነውና፤ ይኸውም «አሁን የመጣው ሰው ቀደም ሲል የሄደው ሰው ነውን?» የሚል ነው። ዳሩ ግን ይህን አንድ ጥያቄ ለመመለስ የይለፍ ቃል መዝገብ መገለጥ አለበት። መዝገቡ ደግሞ የአንድ ሰው ሳይሆን የሁሉም ነው። ስለዚህ ከትንሿ ጥያቄ በስተጀርባ ሌላ ከበድ ያለ ጥያቄ ይነሣል። መዝገቡን የሚገልጠው ማን ነው? በምን ሥልጣን ይገልጠዋል? ገልጦ ካበቃ በኋላስ ሥልጣኑን እንዴት አድርጎ ይመልሳል?

የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ለዚህ ጥያቄ መልስ ሲፈልጉ ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ታሪኩን በቅደም ተከተል ለተመለከተው ሰው አንድ እንግዳ ነገር ይገለጥለታል፤ መዝገቡ በተጠበቀ ቁጥር ለመቆለፊያው የሚሰጠው ሥልጣን እየከበደ መሄዱ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው መዝገብ

በ1950ዎቹ አንድ ኮምፒዩተር በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው የአንድ ሰው ሥራ ነበር። ብዙ ሰዎች በየተርሚናላቸው ተቀምጠው አንዱን መሣሪያ በአንድነት እንዲጠቀሙበት የሚያስችል አሠራር በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በፈርናንዶ ኮርባቶ መሪነት ተሠርቶ በ1961 ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። ሲ.ቲ.ኤስ.ኤስ. የተባለው ይህ አሠራር የእያንዳንዱን ተጠቃሚ ጽሑፍ ከሌላው ለመለየት የይለፍ ቃልን ሥራ ላይ አዋለ። ቃላቱ ግን በአንድ ፋይል ውስጥ እንደተጻፉ፣ ምንም ምስጢር ሳይጨመርባቸው ነበር የሚቀመጡት።

የዚህ አቀማመጥ ጉድለት ለመገለጥ ብዙ አልቆየም። በ1962 አለን ሼር የተባለ የዶክትሬት ተማሪ የተመደበለት የኮምፒዩተር ሰዓት ለጥናቱ ስላልበቃው ፋይሉ እንዲታተምለት በካርድ ትእዛዝ አስገብቶ የሁሉንም ተጠቃሚዎች የይለፍ ቃል በወረቀት ተቀበለ። ድርጊቱን የገለጠው ራሱ ነው፤ ያውም ከብዙ ዓመታት በኋላ። በዚያው በ1960ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ማንም ክፉ ሳያስብ ሌላ ነገር ደረሰ። ሁለት አስተዳዳሪዎች በአንድ ጊዜ አንዱ የዕለቱን ማስታወቂያ፣ ሌላው የይለፍ ቃሉን ፋይል ሲያርሙ የማረሚያው ፕሮግራም ሁለቱን ጊዜያዊ ፋይሎች በአንድ ስም ስለያዛቸው ተቀያየሩ። ከዚያ በኋላ ወደ ኮምፒዩተሩ የገባ ተጠቃሚ ሁሉ በዕለቱ ማስታወቂያ ፈንታ የባልደረቦቹን የይለፍ ቃል በፊቱ ተዘርዝሮ አገኘ።

ከሁለቱ አጋጣሚዎች የተገኘው ትምህርት አንድ ነው። መዝገቡን በበር ጠባቂ ብቻ መጠበቅ አይበቃም፤ በሩ አንድ ቀን መከፈቱ ስለማይቀር፣ መዝገቡ ቢገለጥ እንኳ የሚነበብ ነገር እንዳይኖረው ማድረግ ያስፈልጋል።

መልስ የሌለው ስሌት

ይህን ሐሳብ በተግባር ያዋለው በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ፣ ታይታን በተባለው ኮምፒዩተር ላይ ይሠራ የነበረው ሮጀር ኒድሃም ነው። ሐሳቡ እንዲህ ነበር። የይለፍ ቃሉ ራሱ አይቀመጥም፤ የሚቀመጠው ቃሉ በአንድ ስሌት ውስጥ ካለፈ በኋላ የሚያስከትለው ውጤት ነው። ስሌቱ ወደ ፊት ለመሄድ ቀላል፣ ወደ ኋላ ለመመለስ ግን እጅግ አስቸጋሪ ተደርጎ ይመረጣል። ተጠቃሚው ቃሉን ሲጽፍ ስሌቱ እንደገና ይሠራና ውጤቱ ከተቀመጠው ጋር ይነጻጸራል። ሞሪስ ዊልክስ በ1968 ባሳተመው መጽሐፍ ዘዴውን የኒድሃም መሆኑን ጠቅሶ ገልጾታል።

ዘዴው ሰፊ መድረክ ያገኘው ግን በቤል ላቦራቶሪ በ1969 በተጀመረው በዩኒክስ ነው። በዩኒክስ «ፓስውድ» የተባለው ፋይል የእያንዳንዱን ተጠቃሚ ስም፣ ቁጥር፣ የሥራ ማውጫና የተመሰጠረ የይለፍ ቃል በአንድ መስመር ይይዝ ነበር። ስምን ከቁጥር ማገናኘት ለብዙ ፕሮግራሞች አስፈላጊ ስለነበረ ፋይሉ ለሁሉም እንዲነበብ ተፈቀደ። ቃሉ የተመሰጠረ ስለሆነ መነበቡ አያሠጋም የሚል እምነት ነበር።

ሮበርት ሞሪስና ኬን ቶምፕሰን ይህን እምነት በቁጥር መረመሩት። በ1979 ባሳተሙት ጥናት ከሰበሰቧቸው 3,289 የይለፍ ቃላት መካከል 2,831ዱን፣ ማለትም 86 በመቶውን፣ በቀላሉ ለማግኘት የሚቻሉ ሆነው አገኟቸው። ከእነዚህ ውስጥ 15ቱ አንድ ምልክት ብቻ፣ 72ቱ ሁለት ምልክት፣ 464ቱ ሦስት ምልክት ነበሩ፤ 492ቱ ደግሞ በመዝገበ ቃላትና በስም ዝርዝር ውስጥ የሚገኙ ነበሩ። ስለዚህ በሰባተኛው የዩኒክስ እትም ስሌቱ ሆን ተብሎ እንዲዘገይ ተደረገ። ዲ.ኢ.ኤስ. የተባለው የምስጢር አጻጻፍ 25 ጊዜ እየተደጋገመ እንዲሠራ ሆነ፤ በእያንዳንዱም ቃል ላይ ከ4,096 ዓይነት አንዱ የሆነ፣ በሞያው ቋንቋ «ጨው» የተባለ ተጨማሪ ቁጥር ተነሰነሰበት። በጨው ምክንያት አንድ ዓይነት ቃል የመረጡ ሁለት ሰዎች በመዝገቡ ላይ የተለያየ ውጤት ይኖራቸዋል፤ ሰባሪውም አንድ ጊዜ አስልቶ ሁሉን ሊያገኝ አይችልም።

ሥልጣን ያልነበረው ቁልፍ

የስክሪን መቆለፊያ የተወለደው በዚሁ ዘመን ነው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሌይ በተዘጋጀው በሦስተኛው የቢ.ኤስ.ዲ. እትም ውስጥ «ሎክ» የተባለ አጭር ፕሮግራም ይገኝ ነበር። አሠራሩ ግልጽ ነው። ተጠቃሚው ለዚያች ሰዓት ብቻ የሚያገለግል ቃል ይሰጠዋል፤ ቃሉን ደግሞ እንዲጽፍ በመጠየቅ ያረጋግጣል፤ ከዚያም ቃሉ እስኪደገም ድረስ ተርሚናሉን ይዞ ይቆያል። ይህ መቆለፊያ መዝገቡን ጨርሶ አያውቀውም ነበር። ኋላ የመግቢያውን የይለፍ ቃል እንዲጠቀም ሲፈለግም መዝገቡ ለሁሉም ክፍት ስለነበረ ልዩ ሥልጣን አላስፈለገውም።

በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ ኤክስ የተባለው የመስኮት አሠራር ከተስፋፋ በኋላ፣ በሳን ማይክሮሲስተምስ ይሠራ የነበረው ፓትሪክ ናውተን «ኤክስሎክ»ን ጻፈ። በ1992 ደግሞ ጄሚ ዛዊንስኪ «ኤክስስክሪንሴቨር»ን አወጣ። እነዚህ ፕሮግራሞች ሥዕልና እንቅስቃሴ የሚያሳዩ፣ ከቀድሞው «ሎክ» ይልቅ እጅግ ሰፊ ሥራዎች ነበሩ። የሚቀበሉትም የተጠቃሚውን ቃል ብቻ ሳይሆን፣ ባለቤቱ ሳይመለስ ቢቀር እንዲከፈት የዋናውን አስተዳዳሪ ቃል ጭምር ነበር።

መዝገቡ ሲሸሸግ

ለሁሉም ይነበብ የነበረው መዝገብ ዋጋ ያስከፈለው በኅዳር 2 ቀን 1988 ነው። በዚያ ቀን በኢንተርኔት ላይ የተለቀቀው ትል በብዙ ሺህ የሚገመቱ ኮምፒዩተሮችን ሥራ አስቆመ። ትሉ ከተሠራጨባቸው መንገዶች አንዱ የ«ፓስውድ»ን ፋይል ማንበብና በውስጡ ይዞት በመጣው 432 ቃላት ባሉት ዝርዝር፣ ቀጥሎም በኮምፒዩተሩ መዝገበ ቃላት እየሞከረ የይለፍ ቃልን መገመት ነበር። የትሉ ደራሲ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ስለዚሁ አደጋ ያስጠነቀቀው የሮበርት ሞሪስ ልጅ መሆኑ የታሪክ ምጸት ነው።

መድኃኒቱ ቀደም ብሎ ይታወቅ ነበር። የተመሰጠረውን ቃል ከ«ፓስውድ» አውጥቶ ዋናው አስተዳዳሪ ብቻ ሊያነበው በሚችል ሌላ ፋይል ማስቀመጥ፣ ማለትም «የጥላ መዝገብ» መያዝ፣ ከ1988 በፊት በአንዳንድ አሠራሮች ላይ ተጀምሯል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ልማዱ የተስፋፋው ግን ከትሉ በኋላ ነው።

የጥላው መዝገብ አንድ ችግር ሲፈታ ሌላ ችግር ወለደ። ትናንት ያለ ምንም ሥልጣን ይሠራ የነበረው መቆለፊያ ዛሬ መዝገቡን ማየት አልቻለም። እንዲያይ ከተፈለገ ዴኒስ ሪቺ የፈጠረውና በ1979 የባለቤትነት መብት የተሰጠበት ዘዴ ነበር፤ ይኸውም አንድ ፕሮግራም በጠሪው ሳይሆን በፋይሉ ባለቤት ሥልጣን እንዲሠራ የሚያደርግ ምልክት ነው። መቆለፊያዎቹም ምልክቱን ተቀብለው በዋናው አስተዳዳሪ ሥልጣን መሥራት ጀመሩ። እነሆ፣ ሥዕል ለመሳል፣ ፊደል ለመቀበልና ጊዜ ለማሳለፊያ የተጻፈ በሺህ የሚቆጠር መስመር ያለው ፕሮግራም የአንዲት መስመር ንባብ ስላስፈለገው የኮምፒዩተሩን ሙሉ ሥልጣን ተሸከመ። ጀሮም ሶልትዘርና ማይክል ሽሮደር በ1975 ባሳተሙት ጽሑፍ እያንዳንዱ ፕሮግራም ለሥራው ከሚያስፈልገው በላይ ሥልጣን ሊኖረው አይገባም ብለው የደነገጉት መርሕ ከዚህ የበለጠ የተጣሰበት ቦታ ብዙ አይገኝም።

የአነባበብ ሥርዓት

ልምድ ያስተማራቸው ጸሐፊዎች ከዚህ አጣብቂኝ ለመውጣት የሥራ ቅደም ተከተልን አጥብቀው መያዝ ጀመሩ። የመጀመሪያው ነገር ባለቤቱን በትክክል ማወቅ ነው። ፕሮግራሙ የተጠቃሚውን ስም ከአካባቢ መግለጫዎች ቢወስድ ጠሪው የፈለገውን ስም ጽፎ ሊያታልለው ይችላል፤ ስለዚህ የሚጠየቀው ከርነሉ የያዘው እውነተኛ የተጠቃሚ ቁጥር ነው። በዚያ ቁጥር መዝገቡ ይፈለጋል። ፍለጋው ባዶ ከተመለሰ፣ ወይም በይለፍ ቃሉ ቦታ የተገኘው «ቃሉ በሌላ ስፍራ ነው» የሚል ምልክት ብቻ ከሆነ፣ መቆለፊያው ገና ስክሪኑን ሳይይዝ ሥራውን አቁሞ ስሕተቱን ይናገራል። ሊከፍተው የማይችለውን በር የሚዘጋ ዘበኛ ለማንም አይጠቅምምና።

ሁለተኛው የተገኘውን መስመር ወዲያው ወደ ራስ ማኅደር መገልበጥ ነው። መዝገቡን የሚፈልገው የቤተ መጻሕፍት ተግባር የሚመልሰው አድራሻ የጋራ ቦታን የሚያመለክት ስለሆነ ቀጣዩ ፍለጋ የቀድሞውን ውጤት ሊደመስሰው ይችላል። የራሱን መስመር ካገኘ በኋላ የአስተዳዳሪውን መስመር የሚፈልግ፣ ነገር ግን መገልበጥን የረሳ መቆለፊያ የአንዱን ቃል በሌላው ቦታ ሊያገኘው ይችላል። ከዚያ የመዝገቡ ፋይል ይዘጋል። ሥልጣኑን የለቀቀ ፕሮግራም ፋይሉን ክፍት ትቶ ከሆነ ቁልፉን መልሶ መዝገቡን በብብቱ እንደያዘ ሰው ነው።

ሦስተኛውና ዋናው ሥልጣንን መልቀቅ ነው። መልቀቁም ለጊዜው ሳይሆን ለዘለቄታው መሆን አለበት፤ በመጀመሪያ ተጨማሪዎቹ ቡድኖች፣ ቀጥሎ ቡድኑ፣ በመጨረሻ የተጠቃሚው ቁጥር ይለወጣል። ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ ቡድኑን ለመልቀቅ የሚያስፈልገው ሥልጣን አስቀድሞ ያልቃል። እያንዳንዱ እርምጃ መሳካቱ ይፈተሻል። የመስኮቱ አሠራር የሚጠራው፣ ቀለሙ የሚሳለው፣ የተጠቃሚው ምርጫ የሚነበበው ከዚህ በኋላ ብቻ ነው። «ኤክስስክሪንሴቨር» ለረጅም ዘመን የኖረው በዚህ ሥርዓት ነበር፤ ገና ሲነሣ መዝገቡን ያነብባል፤ ወዲያው ሥልጣኑን ይለቃል፤ ሌላው ሥራ ሁሉ በተራ ተጠቃሚ ዐቅም ይከናወናል።

ይህም ሆኖ የቀረ ነገር አለ። የተመሰጠረው ቃል በፕሮግራሙ ማኅደር ውስጥ ስለሚቆይ ፕሮግራሙ ሲወድቅ ማኅደሩ ወደ ዲስክ እንዳይጻፍ፣ ተጠቃሚው የጻፈው ቃልም ከተነጻጸረ በኋላ እንዲደመሰስ ማድረግ ያስፈልጋል።

የሚወድቅ ዘበኛ

በኤክስ አሠራር መቆለፊያ ከሌሎች የማይለይ ተራ ፕሮግራም ነው። ስክሪኑን በሰፊ መስኮት ይሸፍናል፤ ፊደሎቹንም ለራሱ ይይዛል። እርሱ ከሞተ መስኮቱ አብሮ ይጠፋል፤ ሥራው ሁሉ ለተመልካች ክፍት ይሆናል። ስለዚህ በሌላ ፕሮግራም ላይ እንደ ተራ ጉድለት የሚታይ ውድቀት እዚህ ቁልፉን መስበር ማለት ነው።

በ2016 የተገለጠው የ«ስሎክ» ጉድለት ለዚህ ግልጽ ምሳሌ ይሆናል። «ስሎክ» ሆን ተብሎ በጥቂት መቶ መስመሮች የተጻፈ ቀላል መቆለፊያ ነው። የምስጢር ስሌቱን የሚሠራው ተግባር ቀድሞ ሁልጊዜ ውጤት ይመልስ ነበር። በሊኑክስ የሚያገለግለው የቤተ መጻሕፍት 2.17ኛ እትም በ2012 ሲወጣ ግን ጨው ትክክል ካልሆነ ተግባሩ ባዶ እንዲመልስ ተደረገ። «ስሎክ» ባዶውን ሳይፈትሽ ያነጻጽር ስለነበረ፣ የተጠቃሚው መስመር ትክክለኛ ያልሆነ ውጤት ከያዘ፣ ለምሳሌ የይለፍ ቃሉ የታገደ ከሆነ፣ አንድ ሙከራ ብቻ ፕሮግራሙን ይጥለው፣ ስክሪኑንም ይከፍተው ነበር። የይለፍ ቃል ጨርሶ ሊኖረው የማይገባ ተጠቃሚ ማንኛውም ቃል ይከፍትለት ነበር ማለት ነው። ሶልትዘርና ሽሮደር በተጠራጠሩ ጊዜ መከልከል ይሻላል ብለው የጻፉት ሁለተኛው መርሕ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ሌሎችም አጋጣሚዎች ነበሩ። በ2012 መጀመሪያ በአንዳንድ የኤክስ እትሞች ላይ ለምርመራ ተብሎ የገባ የቁልፎች ጥምረት መቆለፊያውን ከስክሪኑ ላይ እንደሚያነሣው ታወቀ። በ2021 መጀመሪያ ደግሞ በሊኑክስ ሚንት ላይ ሕፃናት በእጅ ቁልፉና በስክሪኑ ላይ ባለው ሥዕላዊ ቁልፍ እየደባለቁ ሲጫወቱ መቆለፊያው መውደቁን አባታቸው አሳወቀ። በ2022 ለአዲሱ የዌይላንድ አሠራር የተደነገገው የመቆለፊያ ውል ነገሩን ከሥሩ ለወጠው። በዚህ ውል መሠረት መቆለፊያው ቢሞትም የስክሪኑ አስተዳዳሪ ስክሪኑን አይከፍትም፤ እንደተቆለፈ ይቆያል።

የመዝገቡን ንባብ በተመለከተም መፍትሔው የመጣው መቆለፊያውን ከመዝገቡ በማራቅ ነው። በ1995 የሳን ባለሙያዎች ያቀረቡትና ፓም የተባለው አሠራር ማረጋገጥን ከየፕሮግራሙ አውጥቶ ለአንድ የጋራ ክፍል ሰጠ። በሊኑክስ ላይ ከዚህ ክፍል ጋር የሚሠራ ትንሽ ረዳት ፕሮግራም አለ፤ ሥልጣን ያለው እርሱ ብቻ ነው። ተራ ተጠቃሚ ሲጠራው የጠሪውን የራሱን ቃል ብቻ ያረጋግጣል፤ መልሱም «አዎ» ወይም «አይደለም» ነው፤ የተመሰጠረው ቃል ከእጁ አይወጣም። በኦፕን ቢ.ኤስ.ዲ. ደግሞ በ2016 በወጣው በ5.9ኛው እትም መዝገቡን የሚፈልገው የተለመደ ተግባር ምንም ያህል ሥልጣን ላለው ጠሪ እንኳ የተመሰጠረውን ቃል እንዳይሰጥ ተደረገ። የፈለገ ፕሮግራም «ጥላ» የሚል ቃል በስሙ ያለበትን ሌላ ተግባር ለይቶ መጥራት አለበት። እርምጃው ትንሽ ቢመስልም ጠቃሚ ነው፤ ስም ብቻ ፈልጎ መዝገቡን የጠየቀ ፕሮግራም ሳያስበው ምስጢር ይዞ እንዳይቀር ያደርገዋልና።

የግዕዝ ፊደልና ስምንቱ ባይት

የቀድሞው አሠራር በግዕዝ ፊደል ለሚጽፍ ሰው የተለየ ትርጉም አለው። በ1979 የተደነገገው ስሌት የሚመለከተው የቃሉን የመጀመሪያዎቹን ስምንት ባይቶች ብቻ ነው። ለእንግሊዝኛ ይህ ስምንት ፊደል ነው። በ1999 በወጣው በዩኒኮድ 3.0ኛ እትም ውስጥ የገባው የግዕዝ ፊደል ግን ዛሬ በሚሠራበት በዩ.ቲ.ኤፍ. 8 አጻጻፍ በእያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። ስለዚህ ስሌቱ የሚያየው ሁለት ሙሉ ፊደልና የሦስተኛውን ሁለት ባይት ብቻ ነው። የእያንዳንዱ ፊደል የመጀመሪያ ባይት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት፣ ሁለተኛውም ከስድስት ዓይነት የማይበልጥ ስለሆነ፣ በመሠረታዊው የግዕዝ ሰንጠረዥ ለተጻፈ ረጅም ቃል እንኳ ሊኖሩ የሚችሉት ልዩነቶች ከ884,736 አይበልጡም። በስምንት ትንንሽ የላቲን ፊደላት የሚገኙት ከ208 ቢሊዮን በላይ ናቸው።

በተግባር ሲታይ «ደብረብርሃን»፣ «ደብረማርቆስ» እና «ደብረታቦር» ለዚህ ስሌት አንድ ቃል ናቸው። ከዚህም አልፎ «ረ» እና «ሰ» በሰንጠረዡ ላይ በአንድ ክፍል ስለሚገኙ «ደብሰላም» ብሎ የጻፈ ሰው በ«ደብረታቦር» የተቆለፈውን ስክሪን ይከፍታል። ለኦፕን ቢ.ኤስ.ዲ. የቀረበው ቢክሪፕት የተባለው ስሌት 72 ባይት ስለሚቀበል ለግዕዝ 24 ፊደል ይበቃል፤ የስሌቱም ክብደት እንደ መሣሪያው ዐቅም ሊጨመር ይችላል። አንድ አሠራር ለአማርኛ ተጠቃሚ ሲዘጋጅ የትኛው ስሌት እንዳለበት ማረጋገጥ ከቅርጸ ፊደሉ ያላነሰ ጉዳይ ነው። መቆለፊያው ስክሪኑን ሲይዝ የቁልፍ ሰሌዳው በየትኛው ቋንቋ ላይ እንደነበረ ለተጠቃሚው ማሳየቱም እንደዚሁ ነው፤ አለበለዚያ ትክክለኛውን ቃል የጻፈው ባለቤት ራሱ ደጅ ይቀራል።

ከሲ.ቲ.ኤስ.ኤስ. እስከ ዌይላንድ ያለው ታሪክ በአጭሩ የሥልጣን መቀነስ ታሪክ ነው። በመጀመሪያ መዝገቡ ለሁሉም ተገለጠ፤ ቀጥሎ ተመሰጠረ፤ ከዚያ ተሸሸገ፤ መሸሸጉ መቆለፊያውን ከሚገባው በላይ አገዘፈው፤ በመጨረሻም መቆለፊያው ወደ ቀድሞ ትንሽነቱ እንዲመለስ ጥያቄውን ለሌላ አሳልፎ መልሱን ብቻ እንዲቀበል ተደረገ። የመጀመሪያው «ሎክ» መዝገቡን ሳያውቅ ይሠራ ነበር። የዛሬውም በአግባቡ የተጻፈ መቆለፊያ መዝገቡን አያውቀውም፤ ልዩነቱ ዛሬ አለማወቁ በሥርዓት የታሰበበት መሆኑ ነው። መቆለፊያ የሚጽፍ ባለሙያ በሥራው መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባውም መዝገቡን እንዴት እንደሚያነብ ሳይሆን፣ ማንበብ ያስፈልገው እንደሆነ ነው።